የጠፋው መቶ ሠላሳ ሺህ ድምፅ

አሜሪካ በየአራት ዓመቱ ፕሬዝዳንት ስትመርጥ የማይቀር አንድ ወሬ አለ፦ «አሜሪካኖች እኮ አይመርጡም!» ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቢል ክሊንተን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፉበት የ1996 ምርጫ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው ለመምረጥ ከደረሰው ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ግማሹን አይሞላም። ለምን ሲባል መልስ አይጠፋም። ጥጋብ ነው ይላል አንዱ። ስንፍና ነው ይላል ሌላው። ሁለቱም ፓርቲ አንድ ስለሆነ ነው፣ ማክሰኞ የሥራ ቀን ስለሆነ ነው የሚልም አለ።

ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። የማክሰኞውን ነገር እንኳ ብንወስድ፣ ኮንግረስ በ1845 ምርጫው ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ እንዲሆን ሲደነግግ ያሰበው ለገበሬው ነበር። አዝመራው ተሰብስቧል፣ መንገዱ ገና በበረዶ አልተዘጋም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተስሞ፣ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ፣ ማክሰኞ ድምፅ ሰጥቶ መመለስ ይቻላል። ያ ገበሬ ከተመናመነ ስንት ዘመን ሆነው፤ ማክሰኞዋ ግን እስከ ዛሬ ቦታዋን አልለቀቀችም።

ነገሩን በሕዝብ ጠባይ ብቻ የሚያስረዳ ሰው ግን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማስታረቅ ይጠበቅበታል። በ1876ቱ የፕሬዝዳንት ምርጫ ሳውዝ ካሮላይና በምትባለው የደቡብ ግዛት 182 ሺህ ያህል ድምፅ ተሰጠ። በ1924ቱ የፕሬዝዳንት ምርጫ እዚያው ግዛት ውስጥ የተሰጠው ድምፅ ከ50 ሺህ ብዙም አይዘልም። በመጀመሪያው ምርጫ የሚመርጠው ወንድ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ሴቶችም መብቱን አግኝተዋል። በ1880ው ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የግዛቲቱ ሕዝብ በ1920 ወደ 1.7 ሚሊዮን ተጠግቷል። ሕዝቡ አደገ፣ መራጩ በሕግ ደረጃ በእጥፍ ሰፋ፣ ድምፁ ግን ከሦስት እጅ ሁለት እጁ በላይ ተነነ። በ1924 ዕድሜው ከደረሰው ሰው ድምፅ የሰጠው ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነው።

በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚሰንፍ ሕዝብ የለም። መቶ ሠላሳ ሺህ ድምፅ የት እንደገባ ለማወቅ የሳውዝ ካሮላይናን የምርጫ ሕጎች አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። የአንድን ሰው ዕድሜ መከተልም ይቻላል፤ ሰውየው ሲጀመርም ሲያልቅም እዚያው ስለነበረ።

ሮበርት ስሞልስ በ1839 ቢዩፎርት በምትባል የሳውዝ ካሮላይና የባሕር ዳር ከተማ፣ ከጌታው ቤት ጓሮ ባለች ጎጆ ተወለደ። እናቱ ባሪያ ስለነበረች እሱም ባሪያ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ የደቡቦቹ ጦር ፕላንተር በተባለች የእንፋሎት መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ አድርጎ ያሠራው ጀመር። ሜይ 13 ቀን 1862፣ ነጮቹ መኮንኖች ለአዳር ወደ ቻርልስተን ከተማ በወጡበት ሌሊት፣ ስሞልስ የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ መርከቧን አስነሳ። ሚስቱን፣ ልጆቹንና የጓደኞቹን ቤተሰቦች ከጫነ በኋላ በምሽጎቹ ሥር የሚሰጠውን የፉጨት ምልክት ሳያዛንፍ እየሰጠ አለፈና መርከቧን ከነመድፏ ለሰሜኖቹ ባሕር ኃይል አስረከበ። ኋላም ገንዘብ ሲያገኝ ባሪያ ሆኖ ያደገበትን የጌታውን ቤት ገዛው።

ከጦርነቱ በኋላ ሳውዝ ካሮላይና አዲስ ሕገ መንግሥት ስታረቅቅ፣ በ1868፣ ስሞልስ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ነበር። ያ ሰነድ ለጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 15ኛ ማሻሻያ በዘር ምክንያት ድምፅ መንፈግን በመላ አገሪቱ ከለከለ። በሳውዝ ካሮላይና ጥቁሩ ከነጩ ይበዛ ስለነበር ውጤቱ ወዲያው ታየ። የግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት አብዛኛው አባል ጥቁር ሆነ፤ ስሞልስም ዋሽንግተን ድረስ ተመርጦ ሄደ።

የ1876ቱ ምርጫ የተደረገው በዚህ መሃል ነው። በአሜሪካ ታሪክ ከፍተኛው ተሳትፎ የተመዘገበውም በዚሁ ምርጫ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ከመቶ 82 ያህሉ ድምፅ ሰጠ። ይህን ቁጥር እያነሱ «ድሮ ሰው እንዲህ ይመርጥ ነበር» ብለው የሚቆጩ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ቁጭቱ ግን በሁለት እጅ ይያዝ። በዚያ ዘመን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያትመው መንግሥት ሳይሆን ፓርቲው ራሱ ነበር። መራጩ የፓርቲውን ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ በቀለሙ ከሩቅ የሚለየውን፣ ሰው ሁሉ እያየው ይዞ ገብቶ ይጨምራል። ማን ማንን እንደመረጠ ሠፈሩ ያውቃል፤ አሠሪው ያውቃል፤ ውስኪ የጋበዘውም የከፈለበትን ማግኘቱን ያያል። በችቦ የደመቀ ሰልፉ፣ ባንዱ፣ ግብዣው እውነት ነው። ጉቦውና ዱላውም እውነት ነው።

በሳውዝ ካሮላይና ደግሞ ከዱላም አልፏል። በጁላይ 1876 ሐምበርግ በምትባል ትንሽ የጥቁሮች ከተማ የታጠቁ ነጮች የጥቁር ሚሊሻዎችን ከበው ስድስት ጥቁሮች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የተገደሉት ከተያዙ በኋላ ነው። ስሞልስ ጉዳዩን ኮንግረስ ውስጥ አንስቶ ጮኸ። ከከበቡት መካከል ቤን ቲልማን የሚባል አንድ ዓይና ወጣት ገበሬ ነበር፤ ይህ ስም ተመልሶ ይመጣል። በምርጫው ቀን ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ፈረሰኞች የምርጫ ጣቢያዎችን ከበው ዋሉ። ኤጅፊልድ በተባለው የቲልማን አውራጃ የተቆጠረው ድምፅ መምረጥ ከሚችለው ወንድ ቁጥር በለጠ። ስለዚህ ከ182 ሺው ውስጥ ኮሮጆ ሲገለበጥ የተጨመረም አለበት። ያም ሆኖ፣ ጠመንጃ ባለበት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ሄደው መረጡ። ሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ ግዛቲቱን በ889 ድምፅ ብቻ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የሳውዝ ካሮላይና፣ የፍሎሪዳና የሉዊዚያና ውጤት ተወዛገበ፤ አሥራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተሰይሞ 8 ለ 7 ለሄይስ ፈረደ፤ ሄይስም በወኪል መራጮች ድምፅ 185 ለ184 ፕሬዝዳንት ሆነ። በኤፕሪል 1877 የግዛቲቱን ምክር ቤት ሲጠብቅ የነበረው የፌዴራል ጦር ወጣ። ጦሩ ሲወጣ 15ኛው ማሻሻያ አብሮ አልተሰረዘም። ለጥቁሩ መራጭ ግን ከዚያ ወዲያ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

ጠመንጃ ግን አድካሚ ነው። በየሁለት ዓመቱ ፈረስ ጭኖ መውጣት ያስፈልጋል፤ ጋዜጣ ይጽፋል፤ ዋሽንግተን መርማሪ ይልካል። ኤድዋርድ መክሬዲ የሚባል የቻርልስተን ጠበቃና የታሪክ ጸሐፊ የተሻለ ዘዴ አመጣ። በ1882 የጸደቀው ሕግ «የስምንቱ ሳጥን ሕግ» ይባላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በምርጫ ጣቢያው ለእያንዳንዱ ሥልጣን የተለየ ሳጥን ይቀመጣል፦ ለፕሬዝዳንት አንድ፣ ለኮንግረስ አንድ፣ ለአገረ ገዥ አንድ፣ እያለ ይሄዳል። በየሳጥኑ ላይ የሥልጣኑ ስም ተጽፏል። ያለ ሳጥኑ የገባ ወረቀት ዋጋ የለውም። ማንበብ የማይችል ሰው ከጓደኛው ጠይቆ የሳጥኖቹን ቅደም ተከተል አጥንቶ ቢመጣ፣ አስፈጻሚዎቹ ሳጥኖቹን ያቀያይሯቸዋል። ያልተማረው ነጭ ሲገባ ደግሞ አስፈጻሚው በጣቱ ቢያሳየው ማን ይከሰዋል?

ሕጉ በዚያ አላበቃም። ሁሉም መራጭ እንደ አዲስ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ የምዝገባው ጊዜ ያለፈበት ከመዝገቡ ወጣ። ቤት የቀየረ ሰው፣ እዚያው ሠፈር ውስጥም ቢሆን፣ አዲስ የምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት። በየዓመቱ ከአንዱ ባለ መሬት ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ደግሞ መሬት የሌለው ጥቁር ጢሰኛ ነው። «ጥቁር» የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

በ1880 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ለፕሬዝዳንት የተሰጠው ድምፅ 170 ሺህ ገደማ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ በተደረገው የ1884 ምርጫ 92 ሺህ ገደማ ሆነ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ በአራት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ መራጭ ጠፋ። የጠፋውን መቶ ሠላሳ ሺህ የሚፈልግ ሰው ትልቁን ክፍል የሚያገኘው እዚህ፣ በስምንቱ ሳጥኖች መሃል ነው።

ቀሪውን የጨረሰው ቤን ቲልማን ነው። ያ የሐምበርግ ወጣት በ1890 አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም ሴናተር ሆነ። በ1895 አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ አስጠራ፤ ዓላማውንም አልደበቀም። የግዛቲቱ ሕዝብ ከመቶ 60 ያህሉ ጥቁር ነው፤ ከ160 የጉባኤው ተወካዮች ግን ጥቁሮቹ ስድስት ብቻ ናቸው። አንዱ የሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሮበርት ስሞልስ ነበር። በ1868 መብቱን የጻፈ እጅ በ1895 ሲሰረዝ ለማየት ተቀመጠ።

የወጣው ሕግ በጥንቃቄ የተገመደ ነው። መራጩ በግዛቲቱ ሁለት ዓመት መኖር አለበት። የነፍስ ወከፍ ግብሩን ከምርጫው ስድስት ወር አስቀድሞ መክፈል አለበት፤ ከዚያ ደረሰኙን ስድስት ወር ሙሉ ጠብቆ ማቆየት ነው። ከዚያ በላይ ከሕገ መንግሥቱ የታዘዘውን አንቀጽ ማንበብና መጻፍ፣ ወይም ግብር የተከፈለበት የ300 ዶላር ንብረት ሊኖረው ይገባል። ለማያነቡ ነጮች ደግሞ መውጫ ቀዳዳ ተተወ። እስከ 1898 መጀመሪያ ድረስ ማንበብ የማይችል ሰው አንቀጹ ሲነበብለት «ከተረዳው» ለዕድሜ ልኩ ይመዘገባል። ተረድቷል፣ አልተረዳም የሚለው ፍርድ የመዝጋቢው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የወንጀሎቹ ዝርዝር ነው። በእነዚህ ወንጀሎች የተፈረደበት መምረጥ አይችልም ተብሎ ሲዘረዘር ሌብነት አለ፣ ቤት ማቃጠል አለ፣ ሚስት መደብደብ አለ፣ ዝሙት እንኳ አለ። ነፍስ ግድያ የለም። አርቃቂዎቹ ጥቁር ይሠራዋል ያሉትን ለቅመው ነጭ ይሠራዋል ያሉትን ተዉት። የሐምበርግ ሰዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ነፍስ ግድያን ያስገባዋል ተብሎም አይጠበቅም።

ስሞልስ ማሸነፍ እንደማይችል ያውቃል፤ ቢሆንም ዝም አላለም። ጉባኤው ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለውን አንቀጽ ሲያረቅ ተነሳና ማሻሻያ አቀረበ፦ ከጥቁር ሴት ጋር በድብቅ የሚኖር ነጭ ወንድ የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዝ ይደንገግ አለ። አዳራሹ ውስጥ አንገቱን ያልደፋ ማን እንደነበር መገመት ቀላል ነው። ማሻሻያው አላለፈም። ስሞልስም ሰነዱን ሳይፈርም ወደ ቢዩፎርት ተመለሰና በ1915 እዚያው፣ በገዛው የጌታው ቤት ሞተ። ቲልማን ደግሞ በ1900 ሴኔት ውስጥ ቆሞ ኮሮጆ መሙላታቸውን፣ ጥቁሮችን መተኮሳቸውን፣ እንደማያፍሩበትም ያለ ምንም ይሉኝታ ተናገረ። በዚያ ዓመት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ለፕሬዝዳንት የተሰጠው ድምፅ 50 ሺህ ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጥቁሩ በሕግ ተገፋ፤ ነጩስ የት ሄደ? በ1924 ነጮቹ ብቻ እንኳ በደንብ ቢመርጡ ከ50 ሺህ በብዙ ይበልጡ ነበር። መልሱ ለምን ይመርጣሉ የሚል ነው። ተቀናቃኝ ፓርቲ ሞቷል። በ1924 በመላ አገሪቱ ያሸነፈው ካልቪን ኩሊጅ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ያገኘው ከመቶ 2 ብዙም አይበልጥም። እውነተኛው ፍልሚያ የሚያልቀው ፕራይመሪ በሚባለው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነጭ ብቻ ይገባል። የኖቬምበሩ ምርጫ ያለቀለት ሠርግ ላይ እንደ መድረስ ነው። ድሃው ነጭም ግብሩን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ጠብቆ ለዚህ አይለፋም። ጥቁሩን ለማስወጣት የተበጀው በር ድሃውን ነጭ አብሮ ከደጅ አስቀረው፤ ባለ ሥልጣናቱም በዚህ የተከፉ አይመስሉም።

በዚህ መሃል ግዛቲቱ ምንም አልከሰረችም። የወኪል መራጮች ቁጥር የሚሰላው በሕዝብ ብዛት እንጂ ድምፅ በሰጠው ሰው አይደለም። በ1924 ሳውዝ ካሮላይና በ50 ሺህ ድምፅ 9 ወኪል መራጮች ነበሯት። ካንሳስ 10 ያገኘችው ከ600 ሺህ በላይ ሰው መርጦ ነው። የማይመርጠው ጥቁር ሲቆጠር ሰው ነው፤ በእሱ ቁጥር የመጣውን ሥልጣን ግን ሌላው ይይዘዋል። የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ዜጎቹን ድምፅ የነፈገ ግዛት ውክልናው በዚያው ልክ እንዲቀነስ በግልጽ ያዛል። አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም።

በሰሜንም ቢሆን ተሳትፎው በዚያው ዘመን ወርዷል፤ በ1920 በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 49 ገደማ ደረሰ። እዚያ ምክንያቱ የተደባለቀ ነው። ከ1888 ጀምሮ የተስፋፋው በመንግሥት የሚታተም ምስጢራዊ የድምፅ ወረቀት ጉቦውን ሲያዳክም ማንበብ የማይችለውን ስደተኛም አስቸገረ። የቅድሚያ ምዝገባ መጣ። ብዙ ግዛቶች የአንድ ፓርቲ ምሽግ ሆኑ። በ1920 ሴቶች ሲገቡ ደግሞ ብዙዎቹ ምርጫ ያልለመዱ ነበሩ። ሰሜኑ ላይ ክፉ ሐሳብና በጎ ሐሳብ ተቀላቅለዋል፤ ደቡቡን ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ «የዘመኑ መንፈስ» ማለት ግን ደቡቦቹ ራሳቸው ያልካዱትን መካድ ነው።

ሴቶቹ ከተነሱ አይቀር፣ በ1920 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ኮሎምቢያ ውስጥ ምዝገባ ሲከፈት ጥቁር ሴቶች ተሰልፈው መጡ። መዝጋቢዎቹ ያልጠበቁት ስለነበር በመጀመሪያው ቀን የተመዘገቡ ነበሩ። በማግስቱ ተዘጋጅተው ጠበቋቸው። ነጭ ነጯ ስትስተናገድ እነሱ ለሰዓታት ቆሙ፤ የ300 ዶላር ንብረት ተጠየቁ፤ አንቀጽ አንብቡ፣ አስረዱ ተባሉ። ከእነዚህ ሴቶች መካከል አስተማሪዎች ነበሩ። ሳውዝ ካሮላይና የሴቶችን የመምረጥ መብት ማሻሻያ በይፋ ያጸደቀችው በ1969 ነው።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው ከፍርድ ቤት ነው። በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳስ ጉዳይ የነጮች ብቻ ፕራይመሪ ሕገ ወጥ ነው ሲል፣ የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ስለ ፕራይመሪ የሚያወሩ ሕጎቹን ሁሉ ጠራርጎ ሰረዘ። ሐሳቡ ፓርቲው እንደ ግል ማኅበር ይቆጠርና መንግሥት አያገባውም ለማለት ነው። በ1947 ዌይቲስ ዌሪንግ የሚባል፣ ከጥንት የቻርልስተን ባላባቶች ወገን የሆነ ዳኛ ይህን ማታለያ ውድቅ አደረገ። በ1948ቱ ፕራይመሪ ከ30 ሺህ በላይ ጥቁሮች መረጡ። ዌሪንግ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ፊት ነስተውት ከተማውን ለቆ ኒው ዮርክ ገባ።

ዋናው በር የተከፈተው ግን በ1965 ነው፤ ቁልፉም ራሱ የምርጫ ተሳትፎ ቁጥር ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። በኦገስት 1965 የጸደቀው የምርጫ መብቶች ሕግ የትኛው ግዛት በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር ይግባ የሚለውን የወሰነው በስም አይደለም። ቀመሩ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ግዛቱ የማንበብ ፈተና ወይም መሰል መሣሪያ ይጠቀማል? በኖቬምበር 1964 ከዕድሜው የደረሰ ሕዝብ የተመዘገበው ወይም ለፕሬዝዳንት ድምፅ የሰጠው ከግማሽ በታች ነው? ሁለቱም መልስ አዎ ከሆነ ፈተናው ይታገዳል፤ ግዛቱም ከዚያ ወዲያ አንዲት የምርጫ ደንብ ለመቀየር እንኳ አስቀድሞ ዋሽንግተንን ማስፈቀድ አለበት። ነገሩ እንደ አውደልዳይ ምስክር ነው፤ ቃሉን የሰጠው ባዶው የምርጫ ጣቢያ ነው። ለሰባ ዓመት «ጥቁሩ ፍላጎት ስለሌለው ነው» እየተባለ የተነገረለት ዝቅተኛ ቁጥር በሕግ ፊት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ስድስት የደቡብ ግዛቶች ሙሉ በሙሉ በቀመሩ ተያዙ። ፈጥና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደችው ሳውዝ ካሮላይና ናት። በማርች 1966 ተረታች። የዚያ ሕግ ጉልበት በይበልጥ የታየው ሚሲሲፒ ላይ ነው፤ ከሕጉ በፊት ከጥቁሮቹ ከመቶ 7 የማይሞላው ተመዝግቦ የነበረው በ1967 ወደ ከመቶ 60 ተጠጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው መዝጋቢው ነው።

ታዲያ የ1996ቱስ? ከ1960ዎቹ በኋላ ተሳትፎው እየወረደ መጣ የሚለው ወሬ ለብዙ ዓመት የማይነካ እውነት ሆኖ ቆየ። በ2001 ማይክል ማክዶናልድና ሳሙኤል ፖፕኪን የተባሉ ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን አካፋዩን አዩት። በመቶኛው ሥር የሚቀመጠው «ዕድሜው ለመምረጥ የደረሰ ሕዝብ» ዜጋ ያልሆነውንም፣ በወንጀል ተፈርዶበት መብቱን ያጣውንም ይጨምራል። እነዚህን ሲያወጡ ከ1972 በኋላ ያለው መውረድ አብዛኛው ጠፋ። ዲቪ ደርሶት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የገባ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ግሪን ካርዱን ይዞ ግብር እየከፈለ፣ ዜግነት እስኪያገኝ ቢያንስ አምስት ዓመት እየጠበቀ፣ በዚያ ስሌት ውስጥ «ያልመረጠ አሜሪካዊ» ተብሎ ተቆጥሯል። በወንጀል የተፈረደባቸው ደግሞ በ2016 ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር።

በ1992 ሳውዝ ካሮላይና ጂም ክላይበርንን ለኮንግረስ መረጠች። ከ1897 ወዲህ ከግዛቲቱ የመጀመሪያው ጥቁር ተወካይ ነው። በፌብሯሪ 2020 ክላይበርን ለጆ ባይደን ድጋፉን ሰጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ፕራይመሪ፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ዝር እንዳይል በታጠረው በዚያው ፕራይመሪ፣ የጥቁሮች ድምፅ ሊወድቅ የነበረውን ዕጩ አነሳው። በኖቬምበር ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ሰው መረጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ መምረጥ ከሚችለው ከመቶ 66 በላይ ድምፅ ሰጠ፤ ከ1900 ወዲህ ከፍተኛው ነው።

በዚያን ጊዜ ግን የ1965ቱ ቀመር አልነበረም። በጁን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ቁጥሮቹ አርጅተዋል፣ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ የነበረ ተሳትፎ የዛሬን ግዛት አይገልጽም ብሎ ሽሮታል። ዳኛ ሩት ጊንስበርግ በተቃውሞ ሐሳባቸው ነገሩን ዝናብ እየዘነበ «እኔ አልበሰበስኩም» ብሎ ጃንጥላ ከመጣል ጋር አመሳስለውታል። ከውሳኔው ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2012፣ የሳውዝ ካሮላይና ባለ ፎቶ መታወቂያ ሕግ በዚያው የማስፈቀድ ሥርዓት ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ያለፈው መታወቂያ ያላወጣ ሰው ምክንያቱን በቃለ መሐላ ጽፎ እንዲመርጥ ግዛቲቱ ከተስማማች በኋላ፣ ያውም ከዚያ ዓመት ምርጫ ወዲያ እንዲጸና ተደርጎ ነው። አሁን የሚያስፈቅዳት የለም። በ2020 በወረርሽኙ መሃል ቤት ሆኖ በፖስታ የሚመርጥ ሰው ወረቀቱን የምስክር ፊርማ ማስፈረም አለበት ወይ በሚለው ክርክር፣ ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለግዛቲቱ ፈረደ፤ ብቻውን የሚኖር ሰውም ምስክር ፍለጋ ወጣ።